የተጠማ ጥርስ

«ሆን ብላ ነው። አውቃ ነው ያበላሸችብኝ።»

ምራትየዋ ይህን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ ስትቆርጥ ነው። በወጥ ቤቱና በአማቷ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» የምትልበት። አማትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያለ ጥርስ ነው የምታወራው፤ ቃሉ ሁሉ እንደ ተበሳ ጎማ ይተነፍስባታል። ከዚያኛው ጫፍ ያለችው ሴት ልጇ መሆኗ ያስታውቃል፤ እንዲህ ምርር ብላ የምታወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። «አዎ፣ ዛሬ። አመሻሽ ላይ ነይና ውሰጂኝ። ልብሴን እሰበስባለሁ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ሴቶች የሚያስተሳስር ነገር አልነበረም። ያስተሳሰራቸው ሰው ሞቷል፤ የአንዷ ልጅ፣ የሌላዋ ባል። ልጅ ሳይተካ ነው የሄደው። ያኔ ዘመድ ሁሉ አሮጊቷ ወደ ሴት ልጇ ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ «አልጋዬን ለምጄዋለሁ፣ የትም አልሄድ» ብላ ቁጭ አለች። አልጋው ሰበብ ነው። ምራትየዋም ሰበብ መሆኑን እያወቀች ለአልጋው አዲስ ፍራሽ ገዛችለት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚሞቀው በአሮጊቷ ጥያቄ ነው። ይህች ሴት «ለምን» ሳትል ውሃ አትጠጣም። እንቁላል ሲቀቀል ለምን ይጠነክራል፣ ድንች ለምን ይለሰልሳል፣ ሁለቱንም የሚያበስላቸው ያው አንድ እሳት አይደለም ወይ? ምራትየዋ መልሱን አታውቅም። ትምህርት ቤት የገባችው ስሟን መጻፍ እስክትችል ድረስ ብቻ ነው። ግን ጥያቄውን ይዛ ሥራ ትውላለች፤ ማታ «እማማ፣ እኔ እንደሚመስለኝ» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ ክርክሩ እራት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነው። ዛሬ ማታ አልጋው ባዶ ከሆነ ይህን ሁሉ ለማን ትለዋለች?

የጥርሱ ነገር እንዲህ ነው። አማትየዋ ጉንፋን ጥሏት ድዷም ቆስሎ ስለነበረ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውጥታ በውሃ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ነበር። በዚያው ሰሞን የሟቹ የሥራ ባልደረቦች አሮጊቷን ሊጠይቁ መጡ። ምራትየዋ እንግዶቹ ደረጃውን ሲወጡ ስትሰማ፣ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ አረፈ፤ ጥርሱ ውሃው ውስጥ ገጥጦ መንገደኛውን ሁሉ ያያል። ብድግ አድርጋ ውሃውን ደፋች፣ ጥርሱን በፎጣ ወለወለችው፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በሽተኛ ማስታመሙ፣ ሾርባ ማፍላቱ መጣና ረሳችው። ትናንት አማትየዋ ተሻላት፣ ሴት ልጇም ለምሳ መጣች፤ ጥርስ ይምጣ ተባለ፣ መጣ፣ ተገጠመ። አሮጊቷ በሆነ ጨዋታ ከት ብላ ስትስቅ የላይኛው ጥርስ ወልቆ ሩዙ ላይ ዘፍ አለ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ኖሮ ይሻል ነበር። ልጅየዋ ጥርሱን አንስታ አገላብጣ አየችና «ማነው የነካው?» አለች። በዚህች ጥያቄ ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህኛው ባዳነት ግን አጥንት ድረስ ነው።

ምራትየዋ ሻይና ዳቦውን ይዛ ገባች። አማትየዋ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። የታጠፈ ልብስ ከጎኗ ተከምሯል፤ ከልብሱ ላይ ጥርሱ እንደ ወረቀት መጫኛ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ሻይ አመጣሁልዎ።»

ሻዩን አጠገቧ አስቀመጠችላት።

«እኔ እኮ አላበላሸሁትም።»

«እንግዲያው ራሱ ነዋ የተበላሸው። ቀንቶብኝ ነው የሚሆነው» አለች አማትየዋ ለግድግዳው። ከዚያ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ልካ ጥርሱን ገፋችው። «ውሰጂው። ለእኔ አይሆነኝም። ለእንግዶችሽም የሚታይ አይደለም።»

የመጨረሻዋ ቃል ነች የቆረጠቻት። ጥርሱን በዚያው በመሐረቡ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ሰው ጥርስ ውስጥ ሲገባ ታውቃለች፤ እሷ ራሷ ዛሬ ገብታለች። ጥርስ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ግን ለእሷም አዲስ ነው። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስለ ኑሮ ውድነት ስታወራ፣ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ እንደ እንቁላል አቅፋው ነበር። «እውነትሽን ነው» ትላለች በየመሐሉ፣ ምን እንደተባለ ሳትሰማ።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከሠራተኞች መመገቢያው ጀርባ ነው። ሥራዋ ትሪ ማጠብ ነው። ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች የሚበሉበት ወፍራም የፕላስቲክ ትሪ በመስኮት በኩል እየተገፋ ይመጣል፣ እሷ ትቀበላለች፣ ትነክራለች፣ ታጥባለች፣ መደርደሪያው ላይ ታቆማለች። አብራት የምትሠራው ሴት ወሬ ስለማያልቅባት «ሬዲዮ» ነው የምትባለው፤ ሬዲዮ ታደርቃለች፣ ታወራለች። የክፍሉ አለቃ ያስተማራቸው አንድ ሕግ አለ፦ የታጠበ ትሪ ላይ ውሃ ጠብ አድርጊ፤ ውሃው ተዘርግቶ ከተኛ ንጹሕ ነው፣ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከተንከባለለ ቅባት አለውና እንደገና እጠቢ። ምራትየዋ በዚህ ሕግ ስንት ትሪ መላልሳ እንዳጠበች ፈጣሪ ይወቀው።

ዛሬ አዲስ ትሪዎች በካርቶን መጥተዋል። አንዱን ፈታ ቧንቧው ሥር ስትይዘው ውሃው ላዩ ላይ አልቆም አለ፤ ዶቃ ዶቃ እየሆነ ተንከባለለና ወረደ። ቅባት ነው አለች። በሳሙና ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃ እንደገና ጠብ አደረገችበት። ዶቃ። ምግብ ነክቶት የማያውቅ ትሪ ከየት ያመጣዋል ቅባት? ከገንዳው ሥር ደግሞ ትናንት ተረስቶ ውሃ ውስጥ ያደረ አሮጌ ትሪ አወጣች፤ የላዩ ፍርፋሪ እንኳ ገና አለቀቀም። ፍርፋሪ የሌለበት ጥግ ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። ውሃው ዝርግት ብሎ ተኛ። ቆሻሻው ትሪ ንጹሕ ሆነ፣ ንጹሑ ቆሻሻ። እጇ ቆመ። መሐረቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችና በጥርሱ ላንቃ ላይ፣ እዚያ ሮዝ ቀለም ባለው ልሙጡ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ጣለች። ጠብታዋ ክብ ሆና ተንከባለለችና መሐረቡ ላይ ወደቀች።

«ጉድ! የማን ጥርስ ነው?» አለች ሬዲዮ ከኋላዋ።

«የአማቴ።»

«ነቅለሻት መጣሽ? እኔ እኮ ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል ስል!»

በምሳ ሰዓት ሽርጧን አውልቃ ወጣች። ጥርሱን የሠራው ሰውዬ ከጥርስ ሕክምናው ቤት ጀርባ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ክፍሉ የጥርስ ቤት ነው፤ በየመደርደሪያው የማያውቁት ሰው አፍ በነጭ ጄሶ ተቀርጾ ይስቅብዎታል። ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሌላ ጥርስ ይሞርዳል። ነገሩን ከእንግዶቹ ጀምራ እስከ ሩዙ ነገረችው። ጥርሱን ተቀብሎ በብርሃን አየው፣ የአሮጊቷን የጄሶ አፍ ከመደርደሪያ ፈልጎ ገጠመው፣ ነቀነቀው።

«አልተሰነጠቀም። ደርቋል ብቻ» አለ። «ከምድጃ በላይ ነው ያሉኝ? በጣም ደርቋል። ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል፣ ልኩንም ያጣል። ከዚያ የባሰው ግን ፊቱ ነው።»

«ፊቱ ምን ሆነ?»

«የላይ ጥርስን አፍ ውስጥ የሚይዘው ሙጫ አይደለም፣ እትዬ። ምራቅ ነው። በላንቃና በፕላስቲኩ መካከል ስስ ሆኖ የተዘረጋ ምራቅ። ሁለት እርጥብ መስታወት ተጣብቆብዎት አያውቅም? እንደዚያ ነው። ምራቁ ከሸሸው ግን ይወድቃል።»

እሷም የትሪውን ነገር ነገረችው፤ አዲሱ እንደሸሸ፣ ያደረው እንደተኛ። ሰውዬው መሞረዱን ተወ። እሱም ይህን ነገር የሚወደው ይመስላል። «ፕላስቲክ የሚሉት ነገር ውስጡ ክር ነው» አላት። «ዓይን የማያየው፣ የተወሳሰበ ረጅም ክር። ይኼኛው ዓይነት ክር ላይ ውሃ የሚወድ ጎን አለ፣ ውሃ የሚጠላም ጎን አለ። ደረቅ አየር ላይ ሲሰነብት ውሃ ወዳዱ ጎን ወደ ውስጥ ይደበቃል፤ ላይ የሚቀረው ውሃ የሚጠላው ነው። ውሃ ውስጥ ሲከርም ደግሞ ያ የተደበቀው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይዞራል። ክሩ ያው ክር ነው። ፊቱን ነው የሚያዞረው።»

«ማነው የሚያዞረው?»

«ማንም። ውሃው እዚያ ስላለ ነው።»

«ቢደርቅስ?»

«መልሶ ያዞራል።»

ምራትየዋ ትንሽ አሰበችና «እንዴ! ያኮረፈ ሰው ማለት አይደል እንዴ ታዲያ» አለች።

ሰውዬው ሳቀ። «ያኮረፈ ሰው በውሃ ቢመለስ ኖሮ እኔም ሚስቴን ባልዲ ውስጥ እነክራት ነበር።» ከዚያ አፈ ሰፊ ብልቃጥ አጥቦ ውሃ ሞላላት፣ ጥርሱን ከተተላት። «ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ እንዳያስነኩት፤ ሙቅ ውሃ አንዴ ካጣመመው አይቃናም። ላዩ ቶሎ ይመለሳል፣ ውስጡ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። አይቸኩሉበት።»

አይቸኩሉበት ማለት ቀላል ነው። እሱ ቤት አመሻሽ ላይ የሚመጣ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ከገንዳው ጎን ተቀምጦ ዋለ። ሬዲዮ ስታልፍ ስታገድም «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» ትለዋለች። ምራትየዋ ግን አንድ ሐሳብ ይዟታል። ከአዲሶቹ ትሪዎች አንዱ ጥጉ ተሰብሮ ነው የመጣው፤ አለቃውን ለምና ወሰደችው። ግማሹን ገንዳ ውስጥ ነክራ ግማሹን ወደ አየር አቆመችው። ሌላ ትሪ እያጠበች በዓይኗ ትጠብቀዋለች፤ እንደ ድስት። በየመሐሉ አውጥታ ጠብ ታደርግበታለች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጎን ያው ዶቃ ነው። ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። ከዚያ ቆይታ ስታይ የተነከረው ጎን ላይ ያለችው ጠብታ ትንሽ ጎበጥ ብላ ተቀመጠች፤ አልተንከባለለችም። ከዚያም ቆይታ ስታይ እንደ ደከመው ሰው ተኛች። ማንም የነካው የለም። ውሃ ብቻ ነው። ሬዲዮን ጠርታ አሳየቻት፤ ሬዲዮ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ዝም አለች። «እና እስከ ዛሬ ቅባት አለው እያልን መላልሰን ያጠብነው ሁሉ?» አለች በመጨረሻ። «ወገቤን! ወገቤን ማን ይመልስልኛል?»

የሥራ ሰዓቱ ሲያልቅ የትሪውን አንድ ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሌላውን ደረቁን ትታ፣ ብልቃጡን በሌላው እጇ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ውሃው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። ሰው አየ። ይይ።

ቤት ስትደርስ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። አማትየዋ ካፖርቷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ያው ወደ ግድግዳው ነው። የጠዋቱ ሻይ ሽፋን ሠርቶ እንዳለ አለ። ምራትየዋ ብትናገር ክርክር ይሆናል፣ ክርክር ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ ጨርቁን ፈታች፣ እርጥቡን ጎን ጠረግ አደረገችው። ብርጭቆ ውሃ አመጣች። ጣቷን ነክራ ደረቁ ጎን ላይ ጠብ አደረገች፤ እርጥቡ ጎን ላይ ጠብ አደረገች። ደገመች። ለራሷ ብቻ የምትጫወት ትመስላለች።

አማትየዋ መጀመሪያ ጆሮዋን ነው የሰጠችው። ጠብ። ጠብ። ከዚያ በዓይኗ ጠርዝ። ከዚያ አንገቷ ዞረ።

«ምንድነው እሱ?»

«ትሪ ነው፣ እማማ። ግማሹ ውሃ ውስጥ ውሏል፣ ግማሹ አልዋለም።»

«ቅባት ቀብተሽው ነው» አለች አሮጊቷ፤ ተነሥታ ግን መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። አላመነችም። የእጅ መታጠቢያውን ሳሙና አምጥታ ደረቁን ጎን በራሷ እጅ ፈተገችው፣ አጠበችው፣ በካፖርቷ ጫፍ አደረቀችው፣ በራሷ ጣት ጠብ አደረገችበት። ዶቃ። እርጥቡ ላይ ጠብ አደረገች። ዝርግ። ሁለቱን አንዴ ይህን አንዴ ያን እያየች ቆየች፣ ከንፈሯ ያለ ጥርስ ወደ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

«ለምን?» አለች።

ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ቤት ያልተሰማ ቃል ነው። ምራትየዋ ስለ ክሩ ነገረቻት፣ ስለ ሁለቱ ጎን፣ ስለ ምራቁ። እየተንተባተበች፣ የሰውዬውን ቃል እያፈረሰች ነው የነገረቻት፤ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥርሱ ውሃው ውስጥ ረጋ ብሎ ይስቃል። «ውሃ ተጠምቶ ነው እንጂ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያስጠማሁት። አላወቅሁም።»

አማትየዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ይኼስ ገባኝ» አለች። «ከብርጭቆው ለምን አወጣሽው? እሱን ንገሪኝ።»

«እንግዶቹ እንዳያዩት ብዬ።»

«አፍረሽ?»

«አዎ።»

«በእኔ?»

ምራትየዋ ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር። ግን ይህች ሴት ውሸት ስትሰማ «ለምን» ትላለች። ቃሉን ፈለገችው፣ አገላበጠችው፣ ያገኘችው ይኸው ነው፦

«በብርጭቆው።»

አማትየዋ አፈጠጠችባት። «በብርጭቆው» አለች። «ብርጭቆው ምን አደረገሽ?» ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፏን በመዳፏ ይዛ ነው የሳቀችው፣ ድዷ እንዳይታይ። «ጠዋት ጥርሴ ውስጥ ገብተሽ ነበር» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አሁን ጥርሴ ራሱ ብልቃጥ ውስጥ ገባ። አንቺን የት ልክተትሽ?»

በሩ ተንኳኳ። የሟቹ እህት ናት፣ የመኪና ቁልፏን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች። ሻንጣውን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሱትን ሁለት ሴቶች አየች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ውሃ እያየን» አለች እናትየዋ።

«ጥሩ ነው። ውሃ ታያላችሁ» አለችና ወደ ምራትየዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ጥርሱ አልበቃ ብሎሽ አሁን ትሪ አመጣሽ? እማዬ፣ ተነሽ፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት።»

አሮጊቷ አልተነሣችም። ከብልቃጡ ጥርሱን አወጣች፣ ውሃውን አራግፋ ገጠመችው፣ በምላሷ ገፋችው። «ሰሰሰ» አለች ለሙከራ። ያዘ። «ፈሰሰ» አለች። ያዘ። «ሳሳሁ» አለች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ፤ ግን አልወደቀም።

«ደኅና ነው እኮ!» አለች ልጅየዋ። «እንሂድ በቃ።»

«ገና ነው» አለች አሮጊቷ። ጥርሱን መልሳ አውጥታ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። «ላዩ ነው የተመለሰው። ውስጡ አልጠገበም።»

«ብልቃጡን ይዘሽው ነያ!»

«መንገድ ላይ ይደፋብኛል። ይደርቃል። ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ያለ ጥርስ ሰው ቤት ልግባ?»

«እማዬ፣ ሰው ቤት ነው እንዴ የእኔ ቤት?»

አሮጊቷ የልጇን ጉንጭ መታ መታ አደረገች፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። «እሁድ ነይ። ምሳ እንበላለን። ያኔ እስቅልሻለሁ።»

ልጅየዋ ሁለቱንም አየች። ከታች መኪናዋ መንገድ ዘግቶበት የሚጮህ ሾፌር አለ። ቁልፏን ጨብጣ ወረደች።

ሲመሽ ምራትየዋ ሻንጣውን ከበሩ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ማንም አዝዟት አይደለም፣ ማንም አልከለከላትምም። አማትየዋ አሁንም ካፖርቷን አላወለቀችም። የትሪውን ደረቅ ጎን በእርጥቡ ጨርቅ ሸፍና ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች፣ እንደሚፈላ ነገር። «ታዲያ ክሩ ውሃው መምጣቱን በምን ያውቃል?» አለች። «ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው።» ምራትየዋ መልሱን አታውቅም። ነገ ይዛው ሥራ ትውላለች። የጥርሱን ብርጭቆ ከመደርደሪያ አወረደች፣ አጠበችው፣ እስከ አፉ ውሃ ሞላችው፣ ጥርሱን ከብልቃጡ አዛወረችበት፣ ከዚያ ይዛው መሐል ወለል ላይ ቆመች።

«እማማ፣ የት ላድርገው?»

አሮጊቷ ጨርቁን ገልጣ ስር ስሩን እያየች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«መስኮቱ ላይ» አለች። «እንግዳ የሚያየው ቦታ።»